ሌዘር የጠነከረ የእጅ ባትሪ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ሌዘር የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ርዕሱን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ስለ እንዲህ ያለ ጉዳይ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይደለምና። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የቆመባቸው ሁለት ሐሳቦች ሳይታረሙ እንዲታለፉ አልወደድሁም። አንደኛው ሌዘር እጅግ የጠነከረ ብርሃን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በየመንገዱ የሚሸጠው የኪስ ሌዘር 5 ሚሊዋት ብቻ ስለሆነና የቤት አምፖል እንኳ 9 ዋት ስለሚፈጅ፣ ልጆች ቢጫወቱበት የሚያሰጋ ነገር የለም የሚለው ነው። ሁለተኛው ስሕተት ከአንደኛው የመጣ በመሆኑ ከሥሩ መጀመር ግድ ይላል።

እኔ በጅማ ከተማ የፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን ጥገና የምሠራ፣ በትምህርቴም ፊዚክስ ያጠናሁ ሰው ነኝ። በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ለጥገና ከሚመጡልኝ ማሽኖች አብዛኞቹ በውስጣቸው ሌዘር አለ። መርካቶ ብቅ ስል ደግሞ ሱቅ በደረቴዎች ከጥፍር መቁረጫ፣ ከማበጠሪያና ከፀሐይ መነጽር ጋር አብረው የሚያዞሩትን የኪስ ሌዘር አያለሁ። የምጽፈው እንግዲህ ከሩቅ ስለሚሰማ ነገር ሳይሆን በከተማችን በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዘዋወር ዕቃ ነው።

ጥንካሬ የሌዘር መለያ ቢሆን ኖሮ የአይሱዙ የፊት መብራት ሌዘር በተባለ፣ የፕሪንተሩ ሌዘር ደግሞ ከሌዘርነት በወጣ ነበር። የመኪናው መብራት በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ይፈጃል፤ በተለመደው የቢሮ ፕሪንተር ውስጥ ያለው ሌዘር የሚያወጣው ብርሃን ግን በጥቂት ሚሊዋት፣ ማለትም በዋት ሺኛ እጅ፣ የሚለካ ነው። ልዩነቱ ያለው በብርሃኑ ብዛት ላይ አይደለም፤ ብርሃኑ በሚወጣበት ሥርዓት ላይ ነው።

አቶም ጉልበትን የሚይዘው እንደ ልቡ ሳይሆን በተወሰኑ እርከኖች ነው። ከውጭ ጉልበት ሲያገኝ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ ወደ ታችኛው ሲመለስ ደግሞ በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያህል ጉልበት የያዘች አንዲት ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ይለቃል። በኩራዝ ነበልባልም ሆነ በአምፖል ወይም በፀሐይ ውስጥ፣ ብርሃን አመንጪዎቹ ቅንጣቶች ይህን የሚያደርጉት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ጊዜና ወደየራሳቸው አቅጣጫ ነው። አንዱ የሌላውን አይጠብቅም፤ ቀለማቸውም የተለያየ ነው። ይህን ብርሃን የፈለግነውን ያህል ብናበዛው የሚገኘው ብዙ ብርሃን ነው እንጂ ሌዘር አይደለም።

አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ ብርሃን የሚለቀቅበት ሌላ መንገድ እንዳለ አሳየ። አንድ አቶም ላይኛው እርከን ላይ ሳለ፣ ከእርከኖቹ ልዩነት ጋር ትክክል የሆነ ጉልበት ያላት ሌላ ፎቶን በአጠገቡ ብታልፍ፣ አቶሙ በራሱ ጊዜ እስኪወርድ ሳይቆይ በእርሷ ተቀስቅሶ ይወርዳል። ከዚህ የሚያስደንቀው ግን የምትለቀቀው አዲሲቱ ፎቶን ሁኔታ ነው፤ በቀለሟ፣ በምትሄድበት አቅጣጫና በሞገዷ ውጣ ውረድ ከቀስቃሿ ጋር አንድ ናት። አንዷ ገብታ ሁለት ሆነው ይወጣሉ፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ደቦ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አውጪው ዜማውን ሲያነሣ ተቀባዮቹ ዶማቸውን በአንድ ምት ያነሣሉ፣ በአንድ ምት ያሳርፋሉ፤ ዘግይቶ የደረሰውም ሰው የተያዘውን ምት ተቀብሎ ይገባል እንጂ የራሱን አይጀምርም።

ሐሳቡ በ1917 ከታወቀ መሣሪያው ለምን ከ40 ዓመታት በላይ ዘገየ ቢባል፣ መልሱ አቶሞቹ በአብዛኛው የሚገኙት በታችኛው እርከን ላይ በመሆኑ ነው። ታች ያለው አቶም በአጠገቡ የምታልፈውን ፎቶን አያባዛትም፤ ይውጣታል። ስለዚህ መባዛቱ ከመዋጡ እንዲበልጥ፣ ላይ ያሉት አቶሞች ታች ካሉት መብለጥ አለባቸው። ይህ የተገለበጠ ሁኔታ በማሞቅ አይገኝም፤ አንድ ነገር የፈለገውን ያህል ቢግል በላይኛው እርከን ያሉት አቶሞች በታችኛው ካሉት ሊበልጡ አይችሉም። ሌዘር በጣም የጠነከረ ተራ ብርሃን ነው ማለት የማያስኬደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተራ ብርሃንን በማጠንከር የሚደረስበት ነገር አይደለም። ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል፤ ብልሃቱም አቶሞቹ ወደ ላይ ከወጡ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚቆዩበት እርከን ያለውን ቁስ መፈለግ ነው።

አሜሪካዊው ቻርልስ ታውንስና ባልደረቦቹ ይህን በመጀመሪያ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1954 በአሞኒያ ጋዝ ነበር፤ የተባዛው ግን የሚታይ ብርሃን ሳይሆን የሞገድ ርዝመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ማይክሮዌቭ ነው። በሞስኮ ኒኮላይ ባሶቭና አሌክሳንደር ፕሮኾሮቭ በዚያው መንገድ እየሠሩ ነበርና ሦስቱ እ.ኤ.አ. የ1964ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የሚታየውን ብርሃን የሚያወጣውን የመጀመሪያውን ሌዘር ግን የሠራው ቴዎዶር ሜይማን ነው፤ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1960) ነበር። የተጠቀመውም ሰው ሠራሽ የሩቢ በትር፣ ዙሪያውን የሚጠመጠም የፎቶግራፍ ፍላሽ መብራትና በበትሩ ጫፎች ላይ የተቀባ ብር ነው። በሩቢው ውስጥ በጥቂቱ የተቀላቀለው ክሮሚየም የፍላሹን አረንጓዴና ሐምራዊ ብርሃን ውጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ አንድ መካከለኛ እርከን ወርዶ በዚያ በአማካይ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። ለአቶም 3 ሚሊሰከንድ እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። በዚህ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት የክሮሚየም አቶሞች ላይ ተከማችተው ከተገኙ መቀስቀሱ ይጀምርና የሞገድ ርዝመቱ 694.3 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ነው) የሆነ ደማቅ ቀይ ብርሃን ይወጣል። ሜይማን ውጤቱን ለአንድ ታዋቂ የፊዚክስ መጽሔት ቢልክ አልተቀበሉትምና ጽሑፉ የወጣው ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ነው፤ ከአዘጋጆች ብዕር ያመለጠ ትልቅ ነገር በእኛ አገር ብቻ እንደማይገኝ ለማስታወስ ያህል ነው።

ሁለቱ የበትሩ ጫፎች ብር የተቀቡት ያለ ምክንያት አይደለም። መስተዋት ሆነው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንዱ ብርሃኑን በሙሉ ይመልሳል፣ ሌላው ግን ጥቂቱን ያሳልፋል። ወደ ጎን የሄደች ፎቶን ከበትሩ ወጥታ ትጠፋለች፤ በመስተዋቶቹ መካከል በቀጥታ የምትመላለሰው ግን በእያንዳንዱ ምልልስ ትበዛለች። ጨረሩ ቀጥ ያለ የሚሆነው ብርሃኑ በአንድ ቀዳዳ ስለወጣ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ያልሄደው ሁሉ የመብዛት ዕድል ስለማያገኝ ነው። በኋላ የመጡት ሌዘሮች ሁሉ፣ ጋዝም ቢሆኑ ወይም እንደ ፕሪንተሩ ሌዘር የኤሌክትሪክ ጅረት የሚነዳቸው ከስንዴ ቅንጣት ያነሱ ዳዮዶች፣ በመሠረቱ እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ይዘዋል፤ ጉልበት የሚሰጥ፣ የሚያባዛ ቁስና የሚመልስ መስተዋት።

ከዚህ አሠራር የሚገኘው ብርሃን ሦስት ጠባዮች አሉት። አንደኛው ጨረሩ ቀጥ ብሎ መሄዱ ነው። ጋዜጣችሁ ላይ የወጣው ጽሑፍ ይህን አንዱን ብቻ፣ እርሱንም ከመጠን በላይ አጋንኖ ነክቶታል፤ የሌዘር ጨረር ከቶ አይሰፋም ብሏልና። ጨረሩ ይሰፋል። ብርሃን ሞገድ እንደመሆኑ ከጠባብ አፍ የወጣ ሁሉ መስፋቱ አይቀርም፤ አፉ በጠበበ መጠንም ይብሳል። የተለመደው የኪስ ሌዘር ጨረር በየ100 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። የፕሪንተሩ ዳዮድ የብርሃን መውጫ ስፋት ደግሞ በማይክሮሜትር የሚለካ ስለሆነ ብርሃኑ ሲወጣ በብዙ ዲግሪ ይዘረጋል፤ ቀጥ የሚለው ከፊቱ በተተከለችው ትንሽ ሌንስ አማካይነት ነው። ከምድር ተነሥቶ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ጨረቃ ላይ የሚደርሰው የምርምር ሌዘርም በዚያ ሲደርስ በኪሎ ሜትሮች የሚለካ ስፋት ይኖረዋል። ያም ሆኖ፣ ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1969 ካስቀመጡት አንጸባራቂ ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ጥቂት ብርሃን በመለካት፣ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከምድር እየራቀች መሆኗ ታውቋል።

ሁለተኛው ጠባይ የቀለሙ አንድነት ነው። ቀይ የኤልኢዲ መብራት ለዓይን አንድ ቀለም ቢመስልም ቀለሙን የሚወስነው የሞገድ ርዝመቱ በ20 ናኖሜትር ያህል ወርድ ላይ የተዘረጋ ነው፤ በትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚታወቀው የሂሊየምና ኒዮን ሌዘር ግን 632.8 ናኖሜትር ላይ ቆሞ ከዚያ የሚወጣው ለመለካት እስኪያስቸግር ድረስ በጥቂቱ ነው። የዚህ ጥቅም በሕክምና ጎልቶ ይታያል። ለዓይን ብርሃን ማስተካከያ የሚያገለግለው 193 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት ሌዘር ከዓይን የፊት ሽፋን አልፎ አይገባም፤ ስለዚህ ያንኑ ሽፋን ብቻ በስሱ ይልጋል። አረንጓዴው ሌዘር በተቃራኒው ያንን ሽፋን ሳይነካው አልፎ ሬቲና የተባለው ከኋላ ያለ ብርሃን ተቀባይ የዓይን ክፍል ላይ ይደርሳል፤ በስኳር በሽታ የተጎዱ የሬቲና የደም ሥሮችን ለማከም የሚመረጠውም ለዚህ ነው። አንዱ ከሌላው የሚለየው በጥንካሬ ሳይሆን በቀለም ነው።

ሦስተኛው ጠባይ፣ ማለትም ሞገዶቹ በአንድ ምት መሄዳቸው፣ ለማስረዳት የሚከብደው እርሱ ነው ይባላል፤ ነገር ግን በዓይን ሊታይ ይችላል። የታመነ ደካማ ሌዘር ያለው ሰው ነጥቡን በኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ አሳርፎ ነጥቡን ብቻ፣ በፍጹም መሣሪያውን ሳይሆን፣ ቢመለከት ብርሃኑ ወጥ ሆኖ አይታየውም፤ ጥቁርና ደማቅ ፍንጣቂ የተነሰነሰበት ይመስላል። ግድግዳው ሸካራ በመሆኑ ከየነጥቡ ወደ ዓይን የሚመጡት ሞገዶች የሚጓዙት ርቀት በጥቂቱ ይለያያል፤ ከፍታው ከከፍታ ጋር በተገናኘበት ይደምቃል፣ ከፍታው ከዝቅታ ጋር በተገናኘበት ይጠፋፋል። በባትሪ ብርሃን ይህ የማይታየው ሞገዶቹ ምታቸው ስለማይገጥም ነው። እንዲያውም አንድ የሚያዝናና ነገር አለው፤ ራስን በቀስታ ወደ ጎን ቢያንቀሳቅሱ ፍንጣቂዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሩቅ ማየት የሚያስቸግረው ሰው መነጽሩን ካወለቀ ራሱን ካንቀሳቀሰበት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲሄዱ ያያቸዋል፣ ቅርብ ማየት የሚያስቸግረው ደግሞ አብረውት ሲሄዱ።

እነዚህ ጠባዮች በአንድ ዕቃ ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ወደ ፕሪንተሩ ልመለስ። የኋላ ክዳኑ ተነሥቶ የሌዘሩ ሳጥን ሲከፈት መካከል ላይ ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት ጎን የሚያብረቀርቅ መስተዋት በትንሽ ሞተር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ዳዮዱ የላከው ጨረር በዚህ መስተዋት ላይ ያርፋል፤ መስተዋቱ በደቂቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር ስለሚሽከረከር እያንዳንዱ ጎኑ ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ ድራም በሚባለው ተሽከርካሪ ጥቅልል ላይ አንድ መስመር ያስኬደዋል። ድራሙ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ተሰጥቶታል፤ ጨረሩ የነካው ነጥብ ይህን ሙል ያጣና ቶነሩ፣ ማለትም የቀለም ዱቄቱ፣ እዚያ ላይ ይለጠፋል። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ የሚያትም ማሽን ነጥቦቹን ያስቀመጠው በ0.042 ሚሊ ሜትር ርቀት ነው፤ አንድ ኤ4 ወረቀት ለመሸፈንም ሌዘሩ በ35 ሚሊዮን ገደማ ቦታዎች ላይ እያንዳንዱን ጊዜ ብራ ወይም ጥፋ መባል አለበት። የ«ጸ»ን እግር ከ«ጹ» ቅጥያ ለይቶ በትንሽ ፊደል ማተም የተቻለው ብርሃኑ ወደ እንዲህ ያለ ጠባብ ነጥብ ሊሰበሰብ ስለቻለ ነው። የአምፖል ብርሃን በየትኛውም ሌንስ ቢሰበሰብ የአምፖሉን ምስል ያህል ሰፍቶ ይቀራል።

በነገራችን ላይ ደንበኞች ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ነጭ መስመር የሚታይበትን ወረቀት ይዘው መጥተው ቶነር ይቀየርልኝ ይላሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቶነሩ አይደለም፤ በጅማ አቧራ ምክንያት የሌዘሩ መስተዋት ወይም መስኮቱ ላይ ያረፈች ቅንጣት ጨረሩን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ስለምትከልለው ነው። ይህን ሳያጣሩ አዲስ ካርትሪጅ መሸጥ ለነጋዴው ይጠቅማል፤ ለባለ ማሽኑ ግን መስመሩ እዚያው ይቆየዋል።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት ሌዘሩን የሚያጠፋውን ማቋረጫ በታጠፈ ወረቀት ወትፈው ማሽኑን ክፍት እንዳለ ያስነሡታል። በሳጥኑ ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት አለ፤ ነገር ግን ሲመለከቱ ምንም ስለማይታያቸው ምልክቱን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። የማይታያቸው ጨረሩ ስለሌለ አይደለም። በብዙ ፕሪንተሮች ውስጥ ያለው ሌዘር 780 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ኢንፍራሬድ ነው፤ ዓይን አያየውም ማለት ይቻላል፣ ሬቲና ላይ ግን ይደርሳል። ክዳኑ የተዘጋ ፕሪንተር ማንንም አይጎዳም፤ የተከፈተና ማቋረጫው የተወተፈ ፕሪንተር ግን ሌላ ዕቃ ነው። በኦፕቲካል ፋይበር ላይ ለሚሠሩትም ነገሩ ያው ነው፤ የቴሌኮም ብርሃን 1,310 ወይም 1,550 ናኖሜትር ስለሆነ የተቆረጠን ፋይበር ጫፍ ወደ ዓይን አስጠግቶ ብርሃን አለው ወይ ብሎ ማየት መልስ አይሰጥም።

ወደ 5 ሚሊዋቱ እንምጣ። 9 ዋት የሚፈጅ የኤልኢዲ አምፖል በብርሃን መልክ የሚሰጠው በግምት 3 ዋት ነው፤ ቀሪው ሙቀት ይሆናል። ይህ ብርሃን ወደ ዙሪያው ሁሉ ስለሚበተን፣ 1 ሜትር ርቆ ለሚመለከት ሰው የብሌኑ ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ወደ አንድ ዓይኑ የሚገባው የዋት 3 ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። የኪስ ሌዘር ጨረር ግን በቅርብ ርቀት ከብሌኑ ቀዳዳ ስለማይሰፋ 5ቱም ሚሊዋት ሊገባ ይችላል፤ ይህም ከ1,500 እጥፍ በላይ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። የ6 ሴንቲ ሜትር አምፖል ምስል ከ1 ሜትር ርቀት ሬቲና ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል፤ እርስ በርሱ ትይዩ ሆኖ የገባውን የሌዘር ጨረር ግን የዓይን ሌንስ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደሆነች ነጥብ ይሰበስበዋል። በስፋት 50 እጥፍ፣ በቆዳ ስፋት ደግሞ 2,500 እጥፍ ይጠባል ማለት ነው። ሁለቱ ሲባዙ፣ ከአምፖሉ ይልቅ የሌዘሩ ብርሃን ባረፈበት ቦታ 4 ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ይበልጣል። 9 ዋትን ከ5 ሚሊዋት ጋር አስተያይቶ ሌዘሩ ትንሽ ነው ማለት የሚያሳስተው ይህን ሁሉ ስለሚዘል ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የፀሐይ ግርዶሽ በታየ ጊዜ ወላጆች ልጆቻቸው ፀሐይን በባዶ ዓይን እንዳያዩ ሲጠነቀቁ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ፀሐይ ሬቲና ላይ የምትሠራው ምስል 0.16 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የሌዘር ነጥብ ከዚያ በጣም ስለሚጠብ፣ 1 ሚሊዋት ብቻ ያለው ሌዘር እንኳ ባረፈባት ነጥብ ላይ ፀሐይን በቀጥታ ከማየት የበረታ ብርሃን ያሳርፋል። በርግጥ ነገሩን ማጋነንም ተገቢ አይደለም። 1 ሚሊዋት የማይሞላ የሚታይ ሌዘር ድንገት ዓይን ላይ ቢያርፍ ዓይን በሩብ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ስለሚጨፈን ጉዳት አያደርስም ተብሎ ነው የደኅንነት ደረጃው የተመደበው፤ የ5 ሚሊዋቱም በድንገተኛ ንክኪ ዓይን ያጠፋል ማለት አይደለም። ነገር ግን ልጅ ጨረሩ ከየት እንደሚወጣ ለማየት ጫፉን ወደ ዓይኑ አዙሮ ትኩር ብሎ ያያል። ሬቲና የሕመም ስሜት የለውምና ሲቃጠል አያምም፤ ልጁም አይጮኽም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ላይሆን መቻሉ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ምርመራ ከገበያ ከተሰበሰቡ 122 የኪስ ሌዘሮች ውስጥ ከአረንጓዴዎቹ ወደ 90 በመቶ፣ ከቀዮቹ ደግሞ 44 በመቶ ያህሉ የአገሪቱን የደኅንነት መስፈርት ሳያሟሉ ተገኝተዋል። ቁጥጥሩ በጠበቀበት አገር እንዲህ ከሆነ በመርካቶ ሱቅ በደረቴ ላይ ስላለው ለመናገር ነቢይ መሆን አያሻም። አረንጓዴው በተለይ የሚያሰጋበት ምክንያት ከአሠራሩ የመጣ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ አረንጓዴ ብርሃን በቀጥታ የሚያወጣ ዳዮድ የለም፤ 808 ናኖሜትር የሆነ የኢንፍራሬድ ዳዮድ አንድ ክሪስታልን ይነዳል፣ ክሪስታሉ 1,064 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ያወጣል፣ ሌላ ክሪስታል ደግሞ የዚህን የሞገድ ርዝመት በግማሽ ቆርጦ 532 ናኖሜትር የሆነውን አረንጓዴ ይሠራል። በመጨረሻ ላይ ኢንፍራሬዱን የሚያስቀር ማጣሪያ መኖር አለበት፤ ወጪ ለመቀነስ የሚቀረው ግን ይኸው ማጣሪያ ነው። በዚህ ጊዜ ከሚታየው አረንጓዴ ጋር ምናልባትም ከእርሱ የሚበልጥ የማይታይ ብርሃን አብሮ ይወጣል። ማታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ወደ ሰማይ የሚያበሩ ወጣቶች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ዓይን አረንጓዴን ከቀይ አብልጦ ስለሚያይና ጨረሩ በርቀት ስለሚሰፋ፣ ሊያርፍ የተዘጋጀ አብራሪ ፊት ያለው መስታወት በሙሉ በብርሃን ሊሞላበት ይችላል።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ በመጀመሪያ ሁለቱ ሐሳቦች በሚቀጥለው እትም እንዲታረሙ እጠይቃለሁ። ሌዘር የጠነከረ ብርሃን ሳይሆን ሞገዶቹ በቀለም፣ በአቅጣጫና በምት የገጠሙ ብርሃን ነው፤ አደጋውም ከዋቱ ብቻ አይታወቅም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የገቢ ዕቃዎችን ጥራት የሚቆጣጠረው አካል የኪስ ሌዘርን በልጆች መጫወቻነት እንዳይሸጥ ቢከለክል፣ ለመምህራንና ለባለሙያ የሚገባውንም በላዩ የተጻፈውን በማንበብ ሳይሆን ለክቶ ቢያሳልፍ መልካም ነው። ልኬቱ ውድ አይደለም፤ የፊዚክስ ላብራቶሪ ያለው ማንኛውም ተቋም በብርሃን ኃይል መለኪያ ሊሠራው ይችላል። አረንጓዴው ግን ሁለት ጊዜ ይለካ፤ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ኢንፍራሬድ የሚያስቀር ማጣሪያ በፊቱ አድርጎ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ዕቃው ወደ ገበያ መውጣት የለበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን ጥገና ባለሙያ
ጅማ